የማን ነህ? በኢስማኒንግ አርማ ላይ ስላለው ጥቁር ራስ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ። ከሥራ ደክማችሁ መጥታችሁ ይህን አዳራሽ ስለሞላችሁት አመሰግናለሁ። ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ባለፈው ዓመት ዘመድ ለመቀበል ወይም ለመሸኘት ኤስ 8 ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሙኒክ አውሮፕላን ማረፊያ ያልሄደ አለ? አንድም እጅ አላየሁም። እንግዲያው ዛሬ የምናገርለትን መሬት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባቡሩ ከኦስትባንሆፍ ተነሥቶ በዳግልፊንግ፣ በኤንግልሻልኪንግ፣ በኡንተርፎሪንግና በኢስማኒንግ በኩል ያልፋል። እኛ በዚያ ስናልፍ ልባችን በሚመጣው ሰው ላይ ነው፤ በመስኮት አሻግሮ የሚያይ ብዙ የለም። የእነዚህ አራት ጣቢያዎች ስም ግን በአንድ የ1319 ሽያጭ ውስጥ አብሮ ተጽፏል። ወደዚያ እመጣለሁ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠራ ከአሁኑ ልንገራችሁ።

እዚህ ያደረሰኝ የእናቴ ጥያቄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በበጋ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለ ኢስማኒንግ ወሰድኳት። በኢዛር ወንዝ አጠገብ ያለች፣ ነዋሪዋ ከ20 ሺህ የማይሞላ፣ በጥቅል ጎመኗ የታወቀች ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ናት። የማዘጋጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ያለው በአንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ ዙሪያው ዛፍና ሣር ነው፤ ለአዛውንት መንሸራሸሪያ ይመቻል። የከተማዋን አርማ ስታይ እናቴ ቆመች። ቀረብ አለች፤ ነጠላዋን አስተካከለችና ዝም ብላ አየችው። በጋሻው ላይ ያለው የጥቁር ሰው ራስ ነው። «ይሄ ልጅ የማን ነው?» አለችኝ።

ማን ነው አላለችም፤ የማን ነው ነው ያለችው። አገራችን ውስጥ የማናውቀው ልጅ በደጃችን ሲያልፍ ስሙን ከመጠየቃችን በፊት «የማን ልጅ ነህ?» እንላለን። አባቱን ካወቅን፣ አያቱን ካወቅን፣ የመጣበትን ሰፈር ካወቅን ልጁን ያወቅነው ያህል ነው። ያን ዕለት ለእናቴ የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን በየመዝገቡና በየመጽሐፉ ስፈልግ ቆይቼ የደረስኩበት ነገር ይህ ነው፦ እናቴ ሳታውቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር የጠየቀችው። የጀርመን አርማ «ማን ነህ?» ብለው ቢጠይቁት ዝም ይላል። «የማን ነህ?» ካሉት ግን ቁልጭ አድርጎ ይመልሳል።

አርማ እንዴት እንደተጀመረ ባጭሩ ላስረዳ። በ12ኛው መቶ ዘመን ፈረሰኛው ከራስ እስከ እግሩ ብረት ለበሰ፤ ፊቱም በብረት ቆብ ተሸፈነ። ወዳጅ ከጠላት መለየት ሲያስቸግር በጋሻው ላይ ከሩቅ የሚታይ ሥዕል አኖረ። ጀርመንኛው አርማን «ቫፐን» ይለዋል፤ መሣሪያን ደግሞ «ቫፈን» ይለዋል፤ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት ናቸው። ሥዕሉ ከጋሻው ወደ ሰንደቁ ወጣ፤ ከዚያ ወደ ማኅተሙ ወረደ። ማኅተም ላይ ከወረደ በኋላ የጦር ሜዳ ነገር መሆኑ ቀረና የርስት ነገር ሆነ። በዚያ ዘመን ማንበብ የሚችል ጥቂት ነው። ገበሬው ደብዳቤውን ባያነበውም ከሥሩ የተንጠለጠለውን ሰም አይቶ ትእዛዙ ከየትኛው ጌታ እንደመጣ ያውቃል። እኛም አገር ቢሆን የንጉሥ ደብዳቤ ያለ ማኅተሙ ወረቀት ብቻ ነበር።

ጋሻው የራሱ ሰዋስው አለው። ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ፣ እንደ ማዕድን ይቆጠራሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ጥቁር ደግሞ ቀለማት ናቸው። ቀለም በማዕድን ላይ፣ ማዕድን በቀለም ላይ ይደረጋል እንጂ ጥቁር በሰማያዊ ላይ አይሣልም፤ ከሩቅ አይታይማ። ቀኝና ግራው የሚቆጠረውም ከጋሻው ጀርባ በቆመው ተሸካሚ በኩል ነው። እኛ ፊት ለፊት የቆምነው ግራ የምንለው ለእሱ ቀኙ ነው። ይህ ጥቁር ራስ ወደ ግራችን የሚያየው ፊቱን ወደ ተሸካሚው ቀኝ፣ ወደ ክብር ጎን ስላዞረ ነው። እናቴ «ለምን ፊቱን አዞረብን?» ብላኝ ነበር። አላዞረብንም፤ ከጋሻው ተሸካሚ ጋር ወደፊት እየሄደ ነው።

ሙኒክ ስለምንኖር በየቀኑ የምናየውን አንድ ምሳሌ ልስጥ። በትራሙ ላይ፣ በቢራ ብርጭቆው ላይ፣ በከተማው ደብዳቤ ላይ ያለችውን ጥቁር ቀሚስ የለበሰች ልጅ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ስሟ «የሙኒክ ሕፃን» ነው። መነሻዋ ግን ሕፃን አይደለም፤ መነኩሴ ነው። የከተማይቱ ስም ራሱ የመጣው መነኮሳት ከሚለው ቃል ነውና ጋሻዋ ላይ መነኩሴ ተሣለ፤ ወርቅ የተጠለፈበት ጥቁር ካባ ለብሶ፣ በአንድ እጁ ቀይ መጽሐፍ ይዞ፣ ሌላውን እጁን አንሥቶ። ሠዓሊ ለሠዓሊ ሲቀባበለው መነኩሴው በየዘመኑ ፊቱ እየለሰለሰ፣ ቁመቱ እያጠረ መጣ፤ ልጅ ሆነ፤ በኋላም ሴት ልጅ ሆነ። አሁን ሕዝቡ ስለ ሕፃኗ ብዙ ያወራል። ወሬው ከሥዕሉ በኋላ የመጣ መሆኑን ያዙልኝ።

ሰማያዊና ነጩ የባቫሪያ አልማዝ ቅርጽም እንዲሁ ነው። አንድ ባቫሪያዊ ጠይቁ፤ «ሰማያችን ነው፣ ነጩ ደመናው ነው» ይላችኋል። ሲያምር! ግን የሰማይ ነገር የለበትም። የቦገን መኳንንት አርማ ነበር። ዘራቸው በ1242 ሲቋረጥ ባቫሪያን የሚገዙት የቪተልስባህ መሳፍንት መሬታቸውን ወረሱ፤ ከመሬቱ ጋር አርማውን ወሰዱ። እንግዲህ ያ ቅርጽ በአንድ ጋሻ ላይ ሲታይ የሚናገረው ስለ ሰማይ ሳይሆን ይህ ምድር የቪተልስባሆች ነበር ብሎ ነው።

አሁን ወደ ጥቁሩ ራስ ልመለስ። ባለቤቱ ፍራይዚንግ ነው። ከሙኒክ በስተሰሜን በኮረብታ ላይ ሁለት ግንብ ያለው ካቴድራል የምታዩበት ከተማ ነው። በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ኮርቢኒያን የሚባል ሰባኪ ከዛሬዋ ፈረንሳይ መጥቶ እዚያ አስተማረ፤ በ739 ቅዱስ ቦኒፋቲየስ ሀገረ ስብከቱን አቋቋመ። ስለ ኮርቢኒያን የሚተረከው ገድል የእኛን አባቶች ገድል ለሚያውቅ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ወደ ሮም ሲሄድ ድብ ወጥቶ ጭነት የተሸከመውን ፈረስ ገደለበት። ቅዱሱም ድቡን «እንግዲያው አንተ ተሸከም» አለው። ድቡ ጭነቱን ተሸክሞ ሮም ድረስ ሄደ፤ እዚያም ተለቀቀ። እኔ ስሰማው ወዲያው ትዝ ያሉኝ አባታችን አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው ጋር ናቸው። ያ ጭነት የተሸከመ ድብ ዛሬ የፍራይዚንግ ከተማ አርማ ነው። ጥቁሩ ራስ ግን የከተማው አይደለም፤ የጳጳሱ ነው።

ጳጳስ ስል በመካከለኛው ዘመን ጀርመን ጳጳስ ቀዳሽ ብቻ እንዳልነበረ ልብ በሉ። ግብር ይሰበስባል፣ ይፈርዳል፣ ድልድይና ገበያ አለው። የፍራይዚንግ ጳጳስ ድልድይ በፎሪንግ ነበር፤ የጨው ጋሪ ኢዛርን የሚሻገረው በዚያ ነው፤ ቀረጡም ለጳጳሱ ነው። መስፍኑ ሃይንሪሽ፣ ቅጽል ስሙ አንበሳው፣ ይህን ጥቅም ፈለገና ድልድዩን አፈረሰ፤ መሻገሪያውን ወደ ራሱ ምድር ወደ ሙኒክ አዞረ። ጳጳሱ ኦቶ የታሪክ ጸሐፊም የንጉሠ ነገሥት ፍሪድሪሽ ባርባሮሳ አጎትም ነበር፤ ሃይንሪሽም ለንጉሠ ነገሥቱ የአጎት ልጅ ነው። ዘመድ ከዘመድ ተካሰሰ። ሰኔ 14 ቀን 1158 በአውግስቡርግ የተሰጠው ፍርድ ገበያው በሙኒክ ይጽና፣ ከገቢው አንድ ሦስተኛ ለጳጳሱ ይሰጥ የሚል ነበር። ሙኒክ ልደቷን የምትቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። እኛ የምንኖርባት ከተማ የተወለደችው ከፍራይዚንግ በተነጠቀ ድልድይ ነው ማለት ነው።

ለፍራይዚንግ ጳጳሳት እንግዲህ የኢዛር ዳር የቁስል ምድር ነው። በ1319 ጳጳስ ኮንራድ 3ኛ ከንጉሥ ሉድቪግ ባቫሪያዊው በወንዙ ዳር ያለውን ግዛት በ100 ማርክ ብር ገዛ። ማርክ ያኔ የሚዛን ስም ነው፤ የተመዘነ ብር ማለት ነው። በሽያጩ ውስጥ ከነበሩት መንደሮች መካከል ዳግልፊንግ፣ ኤንግልሻልኪንግ፣ ኡንተርፎሪንግና ኢስማኒንግ ይገኛሉ። የኤስ 8 ጣቢያዎች! መጀመሪያ ሳነበው የባቡር መስመሩን ካርታ አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኩት። ከዚያ ጊዜ እስከ 1800ዎቹ መባቻ፣ አምስት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ኢስማኒንግ በባቫሪያ መሐል ያለች የባቫሪያ ያልሆነች ምድር ነበረች። ገበሬዋ ጎመኑን አሸክሞ ሙኒክ ገበያ ሲመጣ ድንበር ይሻገራል። እናቴ የቆመችበት ቤተ መንግሥትም የጳጳሳቱ የበጋ ማረፊያ ነበር።

ይኸው ኮንራድ ግዛቱን ከመግዛቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ1316፣ የርስት መዝገብ አስጽፏል። በዚያ መዝገብ ላይ ያ የሰው ራስ በቀለም ተሥሎ ይታያል፤ ጥቁር ሆኖ። በእኛ በኩል ዓፄ ዓምደ ጽዮን ከነገሡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። የተሣለበት ቦታ ላይ እንድታተኩሩ እፈልጋለሁ። የጸሎት መጽሐፍ ወይም የቅዱሳን ገድል አልነበረም። የትኛው መሬት የጳጳሱ እንደሆነ የሚዘረዝር መዝገብ ነበር። በኋላም ራሱ በድንበር ድንጋይ ላይ ተቀረጸ። ከድንጋዩ ወዲህ ጥቁር ራስ፣ ከድንጋዩ ወዲያ ሰማያዊና ነጭ። እንጨት የሚሰርቅ፣ ከብት የሚነዳ፣ ከቀረጥ የሚሸሽ ሁሉ ያንን ፊት አይቶ በማን ምድር ላይ እንደቆመ ያውቃል።

ከ1316 በፊትስ? ከ1283 ጀምሮ ጳጳስ በነበረው በኤሚኮ ማኅተም ላይ ዘውድ የደፋ ራስ በ1280ዎቹ ይታያል። ይኩኖ አምላክ ዘመነ መንግሥታቸውን የጨረሱበት አካባቢ ነው። ሰም ግን አንድ ወጥ ነው፤ በሰም ላይ የታተመ ፊት ጥቁር ይሁን ነጭ አይናገርም። አንዳንድ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ራሱ መጀመሪያ የማንም ጥቁር ሰው አልነበረም፤ ዘውዳም ራስ ብቻ ነበርና በኋላ ነው የጠቆረው ይላሉ። ሌሎች ይቃወሟቸዋል። እኔ ወደ የትኛውም አላዘነብልም። በ1316 ጥቁር ብለው ሲሥሉት ግን ስህተት ነው ብሎ የሰረዘው የለም፤ ሰባት መቶ ዓመት እንዲሁ ኖረ።

ደግሞም ስም አወጡለት። በላቲን «ካፑት ኤቲዮፒኩም» ይባላል፤ ኢትዮጵያዊ ራስ። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት «አላልኩህም?» አለችኝ። እኔ ግን ልጠነቀቅ ይገባኛል፤ እናንተም ተጠንቀቁ። በግሪክና በላቲን «ኤቲዮፕስ» ማለት ፊቱ በፀሐይ የተቃጠለ ማለት ነው፤ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሰው ሁሉ በዚያ ቃል ይጠሩት ነበር። ስለዚህ ያ ራስ የሸዋ ወይም የላስታ ሰው ነው ለማለት አንዳች ማስረጃ የለንም። ስሙ የእኛ ነው፤ ሰውየው የማን እንደሆነ አይታወቅም። ይህ ነገር ልቤን ነካኝ ብል አልዋሽም። አንድ ፊት በአገራችን ስም ሰባት መቶ ዓመት ሲጠራ፣ ከድንበር ድንጋይ ላይ ዝናብ ሲመታው፣ የገዛ ስሙን የጻፈለት ግን የለም።

ማን ሊሆን ይችላል ብለው ከገመቱት ውስጥ ብርቱው ቅዱስ ሞሪስ ነው። ሞሪስ በላይኛው ግብፅ ካለችው ከቴብስ የመጣ የሮማ ጦር አለቃ ነው። በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ዛሬ ስዊዘርላንድ በሆነው አገር ክርስቲያኖችን አልገድልም በማለቱ ከነሠራዊቱ ተሰየፈ ይባላል። ንጉሥ ኦቶ ቀዳማዊ በ937 በማግደቡርግ በስሙ ገዳም ተከለለት። በ1240ዎቹ አካባቢ ደግሞ የማግደቡርግ ሠሪዎች አንድ ድንጋይ ጠርበው አቆሙ። የዚያን ሐውልት ፎቶግራፍ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ፈልጋችሁ እዩት፤ እለምናችኋለሁ። የሰንሰለት ጥሩር ለብሶ የቆመ ጥቁር አፍሪቃዊ ባላባት ነው። አፍንጫው፣ ከንፈሩ፣ ጉንጩ የሠሪውን ዓይን ያሳያል፤ ያ ሠሪ ሰው አይቶ ነው የቀረጸው እንጂ ከሐሳቡ አላወጣውም ብዬ አምናለሁ። መሳለቂያ አላደረገውም፤ አላስፈራራበትም። ግርማ ያለው ቅዱስ አድርጎ ነው ያቆመው። ጀርመን በ13ኛው መቶ ዘመን ጥቁር ሰውን እንዲህ ማየት ትችል ነበር። ኋላ የመጣውን የባርነትና የቅኝ ግዛት ዘመን ስናስብ ይህን ልንረሳው አይገባም።

ችግሩ ሞሪስ የፍራይዚንግ ጠባቂ ቅዱስ አለመሆኑ ነው፤ ፍራይዚንግ የእመቤታችንና የኮርቢኒያን ነው። ሌሎች ከሰብአ ሰገል አንዱ ነው ይላሉ፤ ዘውዱም ያግዛቸዋል። ነገር ግን ከሦስቱ ነገሥታት አንዱን ጥቁር አድርጎ መሣል በጀርመን የተለመደው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ዘመኑ አይገጥምም። የቬሮናው ጳጳስ ዜኖም ይነሣል። ትውልዱ ከሰሜን አፍሪቃ ነው ይባላል፤ በፍራይዚንግ ግዛት ውስጥ በኢዘን ገዳም ነበረው።

የጀርመንን ድንበር ለአፍታ ልሻገርና ስሎቬንያ ስላለችው ስለ ሽኮፍያ ሎካ ልንገራችሁ፤ ነገሬን ከሁሉ አብልጣ ታስረዳለችና። ኦቶ ዳግማዊ በ973 ያንን አገር ለፍራይዚንግ ጳጳስ ለአብርሃም ሰጠው። የሽኮፍያ ሎካ አርማም ዘውድ የደፋ ጥቁር ራስ አለበት። የአገሩ ሰው እንዲህ ይተርካል፦ ጳጳሱ በተራራ ሲያልፍ ድብ መጣበት፤ ጥቁር አገልጋዩ በቀስት ድቡን ገደለ፤ ጳጳሱም «ትውልድ ሁሉ እንዲያይህ ምስልህን በአርማ ላይ አኖራለሁ» አለው። ታሪኩ ልብ ይነካል። ነገር ግን ድቡን አላወቃችሁትም? የኮርቢኒያን ድብ ነው! የአገሩ ሰው ከጌታው ሁለት ሥዕል ደረሰው፤ አንድ ድብ፣ አንድ ጥቁር ራስ። ሁለቱን የሚያገናኝ ወሬ አልነበረምና እሱ ራሱ ፈጠረው። ልክ የሙኒክ መነኩሴ ሕፃን እንደሆነው ነው። እኔ ይህን ውሸት አልለውም። ሰዎች በገበያቸውና በደጃቸው የሚያዩትን ፊት ያለ ታሪክ መተው ከብዷቸው ነው። አገልጋይ አደረጉት፤ ግን ጀግናም አደረጉት።

ዘውዱን ልብ በሉልኝ። የጥቁር ሰው ራስ በአውሮፓ አርማ ላይ ብርቅ አይደለም፤ ሰርዲኒያና ኮርሲካም አላቸው። በጣልያን ልማድ ብዙውን ጊዜ ራሱ ላይ ነጭ ሻሽ ይታሰራል፤ ነጻ የወጣ ባሪያ ምልክት ነው ብለው ይፈቱታል። በጀርመን ልማድ ግን ዘውድ ይደፋል። የፍራይዚንጉ ዘውዱም፣ የአንገት ልብሱም፣ ከንፈሩም ቀይ ነው። ከዘውዱ በመነሣት «እንግዲያው አክብረውናል» የሚል ሰው ሰምቻለሁ። ነገሩ እንደዚያ ቀላል አይመስለኝም፤ ዘውዱን የደፋው ራስ ቢሆንም የሚገዛው ግን ጳጳሱ ነበር። ቢሆንም በዚያ ዘመን ሠዓሊ በማንም ራስ ላይ በከንቱ ዘውድ አያኖርም።

ከፍራይዚንግ ወጥቶ ራሱ ሮም ድረስ ሄዷል። ዮሴፍ ራትሲንገር በ1977 የሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጳጳስ ሲሆኑ ጥቁሩን ራስ በአርማቸው ላይ አኖሩ፤ በ2005 ቤኔዲክት 16ኛ ተብለው የሮም ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲሆኑም አልተውትም። ድቡንም ጨምረውበታል። ትርጉሙ በእርግጥ እንደማይታወቅ እርሳቸውም ተናግረዋል፤ ለእርሳቸው ግን ቤተ ክርስቲያን ዘርና ወገን እንደማትለይ የሚያሳይ ምልክት ነበር። ድቡን ደግሞ ሸክም የተጫነበት የራሳቸው ምሳሌ አደረጉት። አዲስ ትርጉም ነው፤ ግን በግልጽ «ለእኔ» ብለው ነው የሰጡት፤ ይህን አከብርላቸዋለሁ። የሙኒክና ፍራይዚንግ ሊቀ ጵጵስና እንዲቋቋም በ1817 ከባቫሪያ ንጉሥ ጋር የተዋዋሉት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 7ኛም በቤተሰባቸው አርማ ሦስት ጥቁር ራሶች ነበሯቸው።

በ1803 ግድም ጳጳሳቱ የዓለማዊ ሥልጣናቸውን ሁሉ አጡ። ኢስማኒንግ ለባቫሪያ ሆነች፤ ቤተ መንግሥቱም ጥቂት ቆይቶ የናፖሊዮን የእንጀራ ልጅ የነበረው ኦዤን ደ ቦአርኔ እጅ ገባ። የድንበር ድንጋዩ ድንበር መሆኑ ቀረ። ታዲያ ባለቤቱ የሞተ ምልክት እንዴት በማዘጋጃ ቤት አርማ ላይ ተነሣ? በባቫሪያ ትንንሽ ማዘጋጃ ቤቶች አብዛኞቹ አርማ ያወጡት በ20ኛው መቶ ዘመን ነው። ምክር ቤቱ ይወስናል፤ የመንግሥት ቤተ መዛግብት ሊቃውንት ታሪኩን ይመረምራሉ፤ የበላይ አካል ያጸድቃል። ሊቃውንቱ ሁልጊዜ የሚጠይቁት ያንኑ የእናቴን ጥያቄ ነው፦ ይህ ምድር የማን ነበር? የቀድሞ ገዳም ከሆነ የአባ ምኔት በትር፣ የማይንትስ ሊቀ ጳጳስ ከሆነ መንኮራኩር፣ የፍራይዚንግ ከሆነ ጥቁር ራስ ይገባል። በአልፕስ ሥር በጋርሚሽ ፓርተንኪርሽን ወረዳ አርማ ላይም የገባው በዚሁ መንገድ ነው፤ በዚያ ያለው የቬርደንፈልስ ግዛት ከ1294 ጀምሮ የፍራይዚንግ ነበርና። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ባቫሪያ 7 ሺህ ገደማ የነበሩትን ማዘጋጃ ቤቶቿን አዋህዳ ወደ 2 ሺህ ገደማ ስታወርድ ደግሞ ብዙ መንደር ስሟንም ምክር ቤቷንም አጣች። ለእንዲህ ያለች መንደር የቀድሞ ጌታዋ ምልክት የገዛ ትዝታዋ ሆነ። ግብር የሚያስከፍላት የነበረው ፊት አሁን «እኔ ነኝ» የምትልበት ፊት ሆነ። ጋሻው የማን ነህ ሲባል የሚሰጠው መልስ ተገላበጠ።

ኮቡርግን ሳላነሣ አላልፍም፤ ይህን ሳወራ ሁልጊዜ ድምፄ ይለወጣል። በሰሜን ባቫሪያ ያለችው የኮቡርግ አርማ ጥቁር ራስ ነው፤ የእሷ ግን ማንነቱ ይታወቃል፤ ጠባቂዋ ቅዱስ ሞሪስ ነው። በ1934 ናዚዎች አነሡት። በምትኩ እጀታው ላይ የስዋስቲካ ምልክት ያለበት ሰይፍ አኖሩ። ጥቁር ሰው የጀርመን ከተማ ምልክት ሊሆን አይችልም አሉ። በ1945 ናዚ ሲወድቅ ራሱ ተመለሰ። ዛሬ በመንገዷ ላይ በብረት ክዳኑ ሁሉ ታገኙታላችሁ። «ያ ሥዕል ይነሣ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ አንድ ጊዜ ያነሡት እነማን እንደነበሩ ነው።

ግን ጥያቄውን አላጣጥለውም። በ2020 በኮቡርግ አርማው ይቀየር የሚል ፊርማ ተሰብስቧል። በዚያው ዓመት በኡልም ከተማ ያለው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ለገና ያቆመው የነበረውን የሰብአ ሰገል ቅርጽ ጥቁሩ ንጉሥ የተቀረጸበት መልክ መሳለቂያ ስለሚመስል አነሣው፤ እሱን ያየ ሰው ልክ ነው ይላል። ጀርመንኛው ጥቁርን ሰው በድሮ ዘመን የሚጠራበት «ሞር» የሚለውም ቃል ሲጀመር በሰሜን አፍሪቃ የነበረችው የጥንቷ ሞሪታንያ ሰው ማለት ቢሆንም ዛሬ ጥቁር ልጅ ትምህርት ቤት ውስጥ በዚያ ስም ሲጠራ ያማል፤ እዚህ የተቀመጡ ወላጆች ያውቁታል። በርሊን ያንን ስም የያዘውን መንገድ በአፍሪቃዊው ፈላስፋ በአንቶን ቪልሄልም አሞ ስም ቀይራዋለች፤ ደግ አደረገች። ቃልና ፊት ግን አንድ አይደሉም። ቃሉ ይቅር፤ ፊቱ ይቆይ፤ ደግሞም በደንብ ይሣል። ከንፈሩን አጋንኖ፣ ዓይኑን አፍጥጦ የሚሥል ሠዓሊ የፍራይዚንግን ትውፊት ሳይሆን የ19ኛውን መቶ ዘመን ንቀት ነው የሚገለብጠው። የማግደቡርጉ ድንጋይ ጠራቢ እንዴት እንደሚሠራ አሳይቷል። ከእያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በር ላይም አርማው ከምን እንደመጣ አምስት መስመር ጽሑፍ ይለጠፍ። ልጆቻችን ቆመው የሚያነቡት ነገር ያግኙ።

ከመቀመጤ በፊት እናቴን ልጨርስላችሁ። በዚያው በጋ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት፣ እኔም ጥቂት ካነበብኩ በኋላ፣ እንደገና ኢስማኒንግ ሄድን። ያወቅሁትን ነገርኳት፤ ጳጳሱን፣ ድልድዩን፣ የርስት መዝገቡን፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ መሆኑን። ዝም ብላ ሰማችኝና «የክርስትና ስሙን ባውቅ በጸሎት አስበው ነበር» አለች። ሊቃውንቱ የሚገምቷቸውን ስሞች ጠራሁላት። ሞሪስ አልኳት፤ ዜኖ አልኳት፤ ከሰብአ ሰገል አንዱ ሊሆን ይችላል አልኳት፤ ስሙን ያልጻፉለት የአብርሃም አገልጋይም አለ አልኳት። በጣቷ እየቆጠረች ሁሉንም ደጋገመቻቸው፤ ለመጨረሻው ስም ስለሌለው እንዴት እንደሚባል ጠየቀችኝ፤ መልስ ሳልሰጣት ራሷ «ገብረ እግዚአብሔር እለዋለሁ» ብላ አማተበችና ወደ ባቡሩ ሄድን።